ከገመዱ ወዲያ

ታሪክ ናፍቆኝ አይደል፤ ዝናብ ነው ያመጣኝ፣
የላንካስተር ዝናብ፣ ከጎን የሚመታኝ፤
ጃንጥላዬ ታጥፎ፣ አውቶብሱ አምልጦኝ፣
«የኦርመሮድ ቤት» የሚል ሰሌዳ አስጠጋኝ።

ሰባት ፓውንድ ከፈልሁ። ቲኬት የምትቆርጥ ልጅ
ጫማዬን አየችና አስቆመችኝ ከደጅ፦
«ከገመዱ ወዲህ! አንዳች እንዳይነኩ፤
ምንጣፉ አርጅቷል፣ ይርገጡት በልኩ።»

አስጎብኚያችን ደግሞ ወይዘሮ ሄስኬት ናቸው፣
መነጽር በክር ታስሮ ያለ ባንገታቸው፣
ሰማንያን ያለፉ፣ ደመወዝ የሌላቸው፣
ማክሰኞ ማክሰኞ በበጎ ፈቃዳቸው።

«ይህ የእንግዳ ክፍል፤ ይህ ደግሞ ወንበሩ፤
ሚስተር ኦርመሮድ አዝራር ነጋዴ ነበሩ፤
ዘጠኝ ልጆች ወልደው አምስቱን ቀበሩ።
ያ የግድግዳ ሰዓት፣ ብንሞላውም ቅሉ፣
አራት ደቂቃ ዘግይቶ ይደርሳል ከሁሉ፤
ድሮም እንዲህ ነበር።»

«ማን ነገረዎ?» ብሎ የጠየቀ የለም፤
ዓይናችን ሄዶ ነበር ወደ ሌላ ዓለም፦
በብርጭቆ ቆብ ሥር፣ ዝንብ በማይደርስበት፣
ወይንና ኮክ፣ እንጆሪ፣ ጤዛ እንዳለበት።
«ከሰም የተሠራ ነው» አሉን። የሰም ፍሬ!
መቶ ሠላሳ ዓመት ሳይበስል፣ እንደ ጥሬ።
ሰም ካለ ወርቅ አይጠፋም፤ ፈለግሁት በዓይኔ፤
መስታወቱ መለሰ እኔኑ ለእኔ።

አንድ ሰው ከነሚስቱ ጣሪያውን እያየ
«ማሞቂያ ስንት ይፈጃል?» እያለ ዘገየ፤
ሚስቱ መጋረጃውን በዓይኗ ብትለካው
«ይሄን የሚያጥብ ማነው?» አለች ሳትነካው።

ፎቅ ወጣን።
«ይህ የሚስ ላቪኒያ፣ የመጨረሻዪቱ፤
ባል ሳያገቡ ኖረው በዚሁ አልጋ ሞቱ፤
እንዳባት አደራ፣ እንደ እናት ሥርዓቱ፣
አንዲት ማንኪያ እንኳ ሳትጎድል ከቤቱ።
እንዲህ ዝናብ ነበር…» አሉና ዝም አሉ።

ባርናቢ የሚሉት የስድስት ዓመት ልጅ
(እናቱ ከስልኳ ጋር ቀርታለች ከደጅ)
በገመዱ ሥር ሾልኮ፣ ከምድጃው አጠገብ
ሌላ ገመድ አገኘ፣ ዘርፉ ቀይ፣ የሚሳብ።
ሳበው።
ታች፣ ከወጥ ቤቱ ወዲያ፣ ደወል ጮኸ፣ ቀጭን፤
ስልሳ ዓመት የዛገ ሽቦ አስደነገጠን።

ወይዘሮ ሄስኬት ያኔ፣ ጉልበት አስቸግሯቸው፣
በርጩማው ላይ አርፈው የልጣፍ ወሬ ላይ ናቸው፤
ብድግ አሉ።
የለም፣ «አሉ» አይሆንም። አንቱታው እዚያው ቀረ፣
ከበርጩማው ጋራ፣ ከጉልበቱ ጋር ታሠረ፤
የተነሳች እሷ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ፣
በሳሙናና በሶዳ የተላጠ ጣቷ።
እጇን ጠራረገች፣ ሽርጥ በሌለበት፣
ካንገቷ ዝቅ ብላ፦ «አቤት፣ እመቤቴ፤ አቤት!»

ባርናቢ ዘርፉን ለቆ እጁን ደበቀ፤
አንድ ሰው ትንሽ ሳቀ፣ ቆይቶ ተሳቀቀ።
እሳቸው ተመለሱ፣ መነጽር አስተካክለው፦
«እንግዲህ ይህ ልጣፍ፣ አረንጓዴው፣ መርዝ አለው…»

በራሪ ወረቀቱ ላይ የዘር ሐረግ አለ፣
የውሻው ስም ሳይቀር የተንጠለጠለ።
ከግርጌ አንድ መስመር፦ «ሁለት ሠራተኞች»።
በቃ።

ሌላው ሰው ሲወጣ ወጥ ቤት ቀረሁ እኔ፤
ስምንት ደወል በሰልፍ ቆሞ ከፊት ለፊቴ፣
በየራስጌያቸው የክፍሉ ስም ሰፍሮ።
አምስተኛው ገና ካንገቱ ይወዛወዛል፤
ጥቅልሉ ሽቦ ለዚህ ነው፤ ማን እንደጠራ ያሳያል።

ወይዘሮ ሄስኬት መጡ። ገመዱን አነሱና
እንደ ቤት ሰው አለፉ፤ ደወሉን ያዙና
የሚያለቅስ ሕፃን አፍ እንደሚሸፍን ሰው
ዝም አሰኙት በመዳፋቸው።

አዩኝ።
«ያ ሰዓት» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ያራት ደቂቃው ነገር፣
እኔ ነኝ። አንድ ሌሊት መርፌውን በጣቴ፣
ትንሽ ልተኛ ብዬ ነበር።»

ደጅ ዝናቡ አባርቷል።
አውቶብሱ ደግሞ አምልጦኛል።